ጋሼ ኖር

ውዳሴ ላቀው በሰፈሯ ዝምተኛ ተብላ የምትታወቅ ሴት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ የኅትመት ቤት የሠርግ ካርድና ባነር ትሠራለች፤ ሥራው ግማሹ መጠበቅ ነው። ደንበኛው እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ከመጣም በኋላ የሙሽሪት ስም በወርቃማ ይሁን በብርማ ከዘመድ አዝማድ ጋር በስልክ ተከራክሮ እስኪጨርስ ይጠበቃል። በዚያ ሁሉ መሀል እጇ ከስልኳ አይለይም። ጎረቤት ሰላም ሲላት እንኳ ድምፅዋ በቅጡ የማይሰማው ልጅ፣ ቴሌግራም ላይ ምላሷ ምላጭ ነበር።

ግሩፑ «የማይጠቅም እውቀት» ይባላል። ወደ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው አለበት። አንዱ ገብቶ ለምንም የማይረባ ነገር ይናገራል፣ ሌላው ሙድ ይይዝበታል፤ በቃ ይኸው ነው። «የሰጎን ዓይን ከአንጎሏ ይበልጣል» ብሎ አንዱ ከጻፈ፣ ደምሰው የሚባለው ነገረኛ «ይቺማ የቢፍቱ ዘመድ ናት» ይላል። ቢፍቱም ሳትውል ሳታድር «ዓይኔ ትልቅ ባይሆን አንተን በምን አይህ ነበር? ቁመትህ እኮ ከስክሪፕቶ አይበልጥም» ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የሳምንቱን ምርጥ ላመጣ ሰው አድሚኑ ኖላዊ ዘውድ ይጭንለታል። ዘውዱ ስም አጠገብ የምትለጠፍ ትንሽ ምልክት ናት፤ ግን ውዳሴ ሁለት ጊዜ ጭናዋለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ደጋግማ ስታየው ከርማለች።

አንድ ዓርብ የምትጽፈው አጣችና «ማር ለዘመናት ቢቀመጥ አይበላሽም» ብላ ለጠፈች። አልማሯትም። «ይሄንን እኮ ንቧም ታውቀዋለች» አላት አንዱ። ደምሰው «ውዲ፣ ከሙዚየም ነው የምትጽፊልን?» ሲል የሳቀው ሰው ብዛት ስልኳን አንቀጠቀጠው። ፊቷ እንደ ጋለ ቤቷ ገባች።

ቤታቸው ነፋስ ስልክ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቷ አቶ ላቀው ሃያ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ማሚቴ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሁለት ሆነው ይኖራሉ። አቶ ላቀው መንዝ ተወልደው ያደጉ ናቸውና ሥርዓት ከአጥንታቸው የገባ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ቢገባ ሳይነሡ አይቀበሉም።

የዚያን ዕለት ምሽት መብራት ጠፍቶ ቆየና መጣ። አቶ ላቀው ከሶፋው ግማሽ ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ ለእንግዳ እንደሚባለው «ኖር!» አሉ። ውዳሴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ነው። እናቷ በሕይወት ሳሉ በመብራቱ ፈንታ ሆነው «በእግዜር! ይቀመጡ!» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር። አሁን የሚመልስ የለም።

ውዳሴ ስልኳን አወጣች። «ያውቁ ኖሯል? ነፋስ ስልክ የሚኖሩ አንድ የስልሳ ስምንት ዓመት ፋዘር፣ መብራት ሲመጣ ብድግ ብለው ኖር ይላሉ።»

ኖላዊ ወዲያው «መብራቱስ በእግዜር ይላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ቆጣሪው ነው የሚመልስላቸው፤ በወሩ መጨረሻ» አለች።

ግሩፑ ተንጫጫ። በማር ያፌዙባት ሁሉ በሳቅ ተገለበጡ። የዚያን ሳምንት ዘውዱ የእሷ ሆነ፤ የአባቷም ስም «ጋሼ ኖር» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እጅግ ቀላል ሆነላት። መጽሐፍ ማገላበጥ የለ፣ ጉግል የለ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አባትን ማየት ብቻ ነው። ዜና አንባቢዋ «እንደምን አመሻችሁ» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምነው ዛሬ ስስ ነገር ለበስሽ፣ ብርዱን አታይም?» እንደሚሏት ጻፈች። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ሲቀመጡ ሹፌሩ ፍሬን ሳይዝ በፊት የእሳቸው ቀኝ እግር ወለሉን እንደሚረግጥ ጻፈች። አንድ ቀን ደግሞ መብራት ሊመጣ እንደሚችል ገምታ ስልኳን አዘጋጅታ ጠበቀች፤ ክርኑ የተጣፈ ቡናማ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ግማሽ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ከፍ እንዳደረጉ ከኋላቸው አነሣቻቸው።

የካሜራውን ድምፅ ሰምተው ዞሩ። «ምነው?»

«ምንም አባዬ፣ ሰዓት እያየሁ ነው።»

ደምሰው ፎቶውን ስቲከር አደረገው፤ ከሥሩ «ኖር!» የሚል ጻፈበት። አዲስ ሰው ወደ ግሩፑ በገባ ቁጥር ሃያ ሠላሳ ሰው ይህንኑ ስቲከር ይወረውርለታል። ውዳሴ ያደረገችው ነገር ነውር መሆኑን አላወቀችም ማለት ውሸት ይሆናል። ብታውቅማ ነው «ሰዓት እያየሁ ነው» ያለችው።

ከሁሉም የባሰው ግን የስልኩ ነገር ነው። አቶ ላቀው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳ ላይ ቆመው አንድ ቁጥር ይደውላሉ። ቁጥሩ የማሚቴ ነው፤ ከተዘጋ ቆይቷል። የተቀረጸው የሴት ድምፅ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ እንዳልቻሉ ስትነግራቸው እስከ መጨረሻው ያዳምጧትና «እሺ የኔ ልጅ፣ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ቀን እደውላለሁ» ብለው ይዘጋሉ። ውዳሴ ይህን የሰማችው ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና ነው። ለማን እንደሚደውሉም ታውቃለች፤ አንዴ ስልኩን ቻርጅ ስታደርግላቸው አይታዋለች።

የማን ቁጥር እንደሆነ የሚለውን ቆርጣ አወጣችው፤ አያስቅማ። ጋሼ ኖር የተቀረጸ ድምፅ እንደሚያመሰግኑ ብቻ ጻፈች።

«ፋዘር እየጀነጀኗት ነው በለኛ!» አለ ደምሰው።

ቢፍቱ ተከተለች። «ሚስታቸው እንዳይሰሙ!»

ውዳሴ የኅትመት ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ትንሽ አየቻት። ከዚያ እንባ እስኪያወጡ የሚስቁ ሦስት ፊቶች ላከችላት።

ወር ሳይሞላው ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ ልብ አላለችውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አቶ ላቀው ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ዜና አንባቢዋ ሰላምታ ስትሰጥ ከንፈራቸውን ገጠም አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ወይ ያማቸው ይሆን ብላ «ደኅና ነህ አባዬ?» አለቻቸው። «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እሑድ በረንዳው ላይ መቆማቸውንም ተዉት።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ልጅ ቲና፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«ውዲዬ፣ ጋሼ ላቀው እኮ ታዋቂ ሆኑ!» አለቻት እየሳቀች። «ስቲከሩን የክፍላችን ልጆች ሲላላኩት ኮታቸውን አይቼ ነው ያወቅኳቸው። ወዲያው አሳየኋቸው።»

የውዳሴ እጅ የደረጃውን ብረት ጨበጠ። «ምን አሉሽ?»

«ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ግሩፑን ፈልጌ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ሦስት ሳምንት ሆነዋ! ታች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ አያቸዋለሁ።» ቲና የውዳሴን ፊት አየች። «ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው። ሲያነቡ ግን አይስቁም።»

ውዳሴ ቤት ስትገባ አባቷ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሹ ነበር። ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ቲና ነገረችኝ።»

አቶ ላቀው ብሩሹን አላቋረጡም። «ጥሩ አድርገሽ ትጽፊያለሽ» አሉ። «እናትሽም ጨዋታ ታውቅ ነበር።»

«ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ…»

«መሳቁ አይደለም ልጄ። የአውቶቡስ ሹፌር እኮ ሰው ሲስቅበትም ሲሰድበውም ነው የሚኖረው፤ ለምጄዋለሁ። ኩርባ ላይ ሳዞር 'ሽማግሌው ተኛ' እያሉ ጮኸውብኛል፤ ገና አርባ ሳይሞላኝ።» ጫማውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። «እኔ እኮ ቤቴ ያለሁ መስሎኝ ነበር።»

ውዳሴ መቀመጥም መሄድም አቃታት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ቆይተው። «የስልኩን… ለማን እንደምደውል ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩዋት ግን አልወጣ አላት።

«አውቅ ነበር።»

«እሺ» አሉ አቶ ላቀው። ሁለተኛውን ጫማ አነሡ።

ቢቆጧት በወደደች። ድሮ ሲቆጡ ድምፃቸው ሦስተኛ ፎቅ ይደርስ ነበር።

በነጋታው ግሩፑ ላይ ሁሉንም ጻፈችው። ጋሼ ኖር አባቷ እንደሆኑ፣ ሳያውቁ እንዳነሣቻቸው፣ የሚደውሉትም ለሞቱት እናቷ እንደሆነ፤ ስቲከሩንም እንዲያጠፉላት ለመነች። ከዚያ የማታውቀው አንድ ሰው «ኖር!» የሚለውን ስቲከር ወረወረ። አሥር ሰው ሳቀ። «ውዲ ስብከት ጀመረች፣ አሜን በሉ» አለ ሌላው። ደምሰው ምንም አልጻፈም። ኖላዊ ስቲከሩን አጥፍቻለሁ ብሎ በውስጥ መስመር ነገራት፤ ሰው ስልክ ላይ የገባው ግን ገብቷል፣ እሱን ማን ይለቅመዋል?

ቢፍቱም በውስጥ መስመር ጻፈችላት። «ሚስታቸው እንዳይሰሙ ያልኩት ሳላውቅ ነው። በጣም አዝናለሁ።»

«አንቺማ አታውቂም» ብላ መለሰችላት። «የማውቀው እኔ ነበርኩ።» ከዚያ ግሩፑን ለቅቃ ወጣች።

አቶ ላቀው አላኮረፉም። ኩርፊያ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበታል፣ ይታረቃል። እሳቸው ግን ለልጃቸው ትሑት ሆኑባት። «ቴሌቪዥኑን ልክፈተው? አይረብሽሽም?» ይላሉ፣ በገዛ ቤታቸው። ምሳ ስታቀርብላቸው እንደ ሰው ቤት እንግዳ ያመሰግናሉ። አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ አስቀድመው ዓይናቸው ወደ እጇ ይሄዳል፤ ስልኩ ካለ ነገሩን ይውጡታል። ውዳሴ ከሥራ ስትገባ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ጀመረች። ልብ ማለታቸውን ታውቃለች።

እንዲህ ሆነው አምስት ወር አለፈ። አንድ እሑድ የአቶ ላቀው እኅት ፀሐይወርቅ ለቡ መብራት ኃይል ካለው ቤታቸው የማርያምን ዝክር አበሉ። አባቷ በጠዋት ሄደዋል፤ ውዳሴ የሚጣደፍ የሠርግ ካርድ ጨርሳ ወደ አሥር ሰዓት ደረሰች። በሩ ላይ ሳለች ከሳሎኑ ድምፅ ሰማች።

አባቷ ናቸው። በአውቶቡስ ዘመናቸው ስለተሳፈረ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት። ሰውየው በግ በጋቢው ጠቅልሎ ሕፃን ነው ብሎ ገብቶ ኖሮ፣ አንዲት እናት አዝነው ቦታቸውን ለቀውለታል። አቶ ላቀው የበጉን ድምፅ ያስመስላሉ፣ የሴትዮዋን ያስመስላሉ፣ የትኬት ቆራጩን ያስመስላሉ። ሰዉ በሳቅ እየወደቀ ነው።

ውዳሴ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራ ተወችው። ከገባች እንደሚያቋርጡ ታውቃለች። «መጣሽ?» ብለው፣ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁላትና ዝም ይላሉ።

እትዬ ፀሐይወርቅ ማሰሮ ይዘው ብቅ አሉ። «ውይ፣ ውዳሴ! ምን ያስቆምሻል ውጭ? ነይ እንጂ!»

«መጣሁ እትዬ። ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ።»

ፀሐይዋ ግቢውን ከለቀቀች ቆይታ ነበር። አክስቷ ሰማዩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ማሰሯቸውን ይዘው ተመለሱ። ውዳሴ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘነበለች። አባቷ የታሪኩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ባንድ ላይ ስለሳቁ፣ በጉ የት እንደወረደ ሳትሰማ ቀረች።