የጋሽ ሰይድ በለስ

ዛሬ ጠዋት ሱፐርማርኬት ውስጥ የበለስ ማርማላታ አየሁ። ከጣሊያን የመጣ ነው። ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ላይ የጉምሩክ ፈታሽ ነበርኩ። ያኔ ጆንያ የምንፈትሸው እጃችንን እስከ ክርናችን ከትተን ነው። የተደበቀ ዕቃ ካለ ጣት ያገኘዋል።

አንድ ቀን የከባድ መኪና ሹፌሩ ጋሽ ሰይድ ከኮምቦልቻ ሁለት ጆንያ ይዘው መጡ። "ቆይ ልጄ፣ እጅህን..." ሲሉኝ ከትቼዋለሁ። ለካ የቁልቋል በለስ ነው! እሾሁን ከክንዴ በወረንጦ ስንለቅም አረፈድን። (ኩራቴ ላይ የተሰካውን ግን ወረንጦ አልደረሰበትም።)

አንድ ጣሊያናዊ የመርከብ ወጥ ሠሪ "እኛ አገር ይሄ ይሸጣል፣ ናሙና አምጣልኝ" ብሏቸው ኖሯል።

"እኛ ጋ መንገድ ዳር ረግፎ ይቀራል። ቢሸጥ ምን አለበት?" አሉኝ።

እኔ ክንዴ እየነደደኝ ቅጹ ላይ "የዱር ፍሬ፤ የንግድ ዕቃ አይደለም" ብዬ ጻፍኩና መርከቡ ላይ እንዳያስጭኑ ከለከልኳቸው። መርከቡ ሄደ። በሁለተኛው ቀን በለሱ ተበላሽቶ ከጆንያው ይፈስ ጀመር።

"በዚህ ሙቀት መቼም አይቆይም ነበር" አልኳቸው፣ ላጽናናቸው ብዬ።

"ሙቀቱን ተወው ልጄ። ያበሰበሰው እስክሪብቶህ ነው።"

ማርማላታውን ገዛሁት። ይጣፍጣል፤ እሱ ነው የከፋው።

እናንተስ "ይሄ ደግሞ ምን ይረባል" ብላችሁ መልሳችሁ፣ በኋላ ከውጭ ሲመጣ የገዛችሁት ነገር አለ?