ያለቀስንለት ድንጋይ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ልጄን አዝዬ ከአማቴ ጋር ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ገበያ ስንሄድ፣ አዲሱ መንገድ ዳር ጽሑፍ የተቀረጸበት ነጭ ድንጋይ ቆሞ አገኘን።

«መቃብር ነው» አሉ አማቴ። እርሳቸው ሙሾ በማውረድ አገር ያወቃቸው ናቸው፤ መቃብር አይተው ሳያለቅሱ ማለፍ አይሆንላቸውም። «አንቺ ፊደል ቆጥረሻል፤ የማን እንደሆነ አንብቢልኝ።»

እኔ እንኳ ዳዊት ሳልጀምር ነው የተዳርኩት። አንዱንም ፊደል አላወቅሁት። «የጣሊያን ጽሑፍ ነው፣ እሜቴ» አልኩ።

«ጣሊያንስ ቢሆን እናት አልወለደችውም?» ብለው ሙሾውን ለቀቁት። ገበያተኛው ሁሉ ሸክሙን እያወረደ ደረቱን ይደቃ ጀመር። ሟቹ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም አፍሬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ።

እንዲህ እንዳለን ካሚዮን መጥቶ ቆመ፤ የጣሊያን መኮንንና አስተርጓሚው ወረዱ። ያን ጊዜ ተሰብስቦ የተገኘ ሰው ይታሰር ነበርና ልጄን ለማን እንደምሰጥ አስብ ጀመር።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ አስተርጓሚው። አማቴ ድንጋዩን አሳዩት።

«እሜቴ፣ ይኼ እኮ ቡሬ ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረ የሚናገር ድንጋይ ነው!» አለ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። ለመኮንኑ ግን፣ ኋላ እንደነገረን፣ ለእኛ አዝኖ «መንገዱ አስደስቷቸው ነው የሚያለቅሱ» ብሎ ተረጎመለት።

የመኮንኑ ፊት በራ። ካሚዮኑ ላይ ጫነንና፣ ቡሬ እስክንደርስ በየድንጋዩ እያወረደ አስለቀሰን።