በማርሹ ዙሪያ ያለችው ጭረት

አዛናው የሚስቱን የስርጉትን አሮጌ ነጠላ ጫፍ በጣቱ ላይ ጠቅልሎ፣ በመኪናው ማርሽ ዙሪያ ያለውን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፕላስቲክ ያሻል። አሽቶ እፍ ይላል፣ እፍ ብሎ አንገቱን ያዘነብላል፣ አዘንብሎም ያችን ጭረት ይፈልጋል። ጭረቷ አለች። ከክብሪት እንጨት አትበልጥም፤ ለእሱ ግን ከጎንደር እስከ መተማ የተዘረጋውን መንገድ ታክላለች።

ጭረቷን ያመጡት እናቱ ናቸው። ወይዘሮ አሰፋች ኮኪት ይኖራሉ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነዋል። ባለፈው ለለቅሶ እሱ ወደሚኖርበት ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ሲያመጣቸው፣ መቀመጫውን በዳበሳ ሲፈልጉ የምርኩዛቸው ጫፍ ፕላስቲኩን ጫረው። አዛናው ያን ዕለት እስኪደርሱ ድረስ ለጠየቁት ሁሉ "እህ" እያለ መለሰላቸው።

አሁን ደግሞ ከጎንደር የመጡ የዓይን ሐኪሞች ገንዳ ውሃ ሰንብተው ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ከቀትር በኋላ ዕቃቸውን ጭነው ይመለሳሉ፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። አዛናው ማለዳ ሄዶ እናቱን ሊያመጣ ቃል ገብቷል፤ ለዚሁ ጉዳይ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድም ወስዷል። እሳቸውም ሳይነጋ ተጣጥበው፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ኮኪት መንገድ ዳር ከኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

አዛናው ክፉ ሰው ነው አይባልም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ባልዲና መጥረጊያ ቆጥሮ ማስረከብ ግን አንገት የሚያቀና ሥራ አልሆነለትም። አንገቱን ያቀናችለት ይህች ያገለገለች መኪና ናት። ከገዛት ወዲህ ቁልፏን ጣቱ ላይ ሳያሽከረክር ለሰው ሰላምታ አይሰጥም። የሚሳፈር ሁሉ መጀመሪያ ጫማውን ያራግፋል። ሰሊጥ ሲያጭድ የዋለ የአጎቱን ልጅ በዚያ ሐሩር መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ፣ ልብሱ አቧራ ነው ብሎ በጡሩንባ ሰላም ብሎት አልፏል።

"ጭረቷን አጥፍቼ እሄዳለሁ" አላት ስርጉትን።

"መጀመሪያ ሂድ፤ ስትመለስ ታጠፋታለህ።"

"ሐኪሞቹ ያሉበት ግቢ ስንት ሰው የሚቆም ይመስልሻል? በመስኮት ቢያዩስ?"

"ዓይናቸውን የታመሙ ናቸው እኮ የሚመጡት፤ ምኑን ያዩብሃል?"

አልሰማትም።

ቆላ ውስጥ አቧራ የማይገባበት ነገር የለም። ያን አቧራ በሳሙና ውሃ ሳያነሱ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ደግሞ ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ አይለይም። አዛናው በደረቁ አሸው። አንዷ ጭረት ብዙ ቀጫጭን እህቶች አፈራች። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት ቀባው። ፕላስቲኩ መስታወት መሰለ፤ አዛናውም ፊቱን አይቶበት ፈገግ አለ። ፈገግታው ሳይጠፋ ሰሊጥ የጫነ መኪና በደጁ አለፈ፤ የመንገዱ ዳር አቧራ በተከፈተው በር ገብቶ ዘይቱ ላይ ተጣበቀ። የጥርስ ሳሙና አመጣ። ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ፣ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ቢያዞሩት ለቀላል ጭረት የጥርስ ሳሙና መልካም ነው፤ አቧራና ዘይት ላይ ሲጨመር ግን ሊጥ ይሆናል። አዛናው ሊጡንም አሸው።

ጎረቤቱ ያረጋል ባጃጁን አቁሞ በመስኮት አጮለቀ።

"ጋሽ አዛናው፣ ጥርሷን እየፋቁላት ነው?"

"ሥራህን ሥራ።"

"ከኮኪት ስመጣ እናትዎን አየኋቸው። መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ። ላምጣቸው? ለእኔ ተማም ነው፣ ምንም ችግር የለም፤ ቶሎ ደርሼ እመለሳለሁ።"

"የእኔን እናት በባጃጅ? መኪና እያለኝ? ሰው ምን ይለኛል?"

"መኪና ናት እንዴ? እኔስ ሲያሿት ድስት መስላኝ" ብሎ ያረጋል ሄደ።

ድስት ሲባል አዛናው አመድ ትዝ አለው። እናቱ ድስት የሚያነጹት በሰሊጥ አገዳ አመድ ነበር። ሄዶ ከጓዳ አንድ ጣሳ ሙሉ ነፍቶ አመጣ።

ስልኩ ጠራ። እጁ ዘይትና ሳሙና ስለሆነ ስልኩ እንዳይቆሽሽበት አላነሳም፤ ስርጉት አንስታ ጆሮው ላይ ያዘችለት።

"ልጄ፣ ደረስክ እንዴ? አንድ ነጣ ያለ ነገር ሲመጣ አንተ መስለኸኝ ተነሳሁ።"

"መንገድ ላይ ነኝ፣ እማየ" አለ፣ አመዱን እየነሰነሰ።

ስርጉት ስልኩን ዘጋች። "እሳቸው አያዩህም፤ እኔ ግን እያየሁህ ነው" አለችውና ወደ ቤት ገባች።

አመዱን ሲያሸው ያ ጥቁር ፕላስቲክ እንደ አህያ ጀርባ ግራጫ ሆነ። ጭረቷ ከመሃል እንዳለች ናት፤ ከመጀመሪያውም ጠልቃ ስለነበር ማንም አሽቶ የሚያጠፋት አልነበረችም።

ይህንን ተጎንብሶ እያየ ሳለ ጡሩንባ ሰማ። የሐኪሞቹ መኪና ዕቃውን ጭኖ፣ አቧራውን እያስነሳ፣ ወደ ጎንደር አለፈ። አዛናው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ። ዘሎ ወደ መኪናው ገባና አቧራው እንዳይገባበት መስኮቱን ዘጋ።

ኮኪት ላይ ጥላው ከኒሙ ሥር ሸሽቷል። ወይዘሮ አሰፋች ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ልጃቸው ያን ዕለት ለምን "እህ" ብቻ እንዳለ ባይነገራቸውም ገብቷቸው ነበርና፣ መኪናውን ዳግም እንዳትነካበት የምርኩዟን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለዋታል። የመኪና ድምፅ ሰሙ፤ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሱ። የሌላ ሰው መኪና ነበር፤ አለፈ።