የተቆለፈው በርሜል

የልጄ ልጅ ምሕረት እንጅባራ ላይ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ጠባብ ክፍል አላት። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ብገባ ኮምፒውተሯን በቆርቆሮ ሣጥን ከታ ቆልፋበታለች። የጎረቤት ሱቅ ከተሰበረ ወዲህ ሰው አታምንም። እኔ ያላመንሁት ግን ውስጡን ነው፤ እንደነገረችኝ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት፣ ምስሉን የሚሠራው ክፍል እንዳይግል ውሃ በቱቦ ይዞረዋል። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሣጥን።

«በማራገቢያ ብቻ አልበርድ ቢለኝ ነው እማማ» አለች። «አሁንም ሥራው ሊያልቅ ሲል ይግልና ይጠፋል። ሙሽሮቹ ነገ ይመጣሉ። ሻጩ አሮጌ ሰጥቶኝ ይሆን?»

ሣጥኑን ዳሰስሁት፤ ይፋጃል። ያደግሁባት የግምጃ ቤት ከተማ ወፍጮ ትዝ አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ የወፍጮውን ሞተር ያንቀሳቅስ ነበር። ሞተሩን የሚያበርደው አጠገቡ የቆመ የበርሜል ውሃ ነው፤ በቧንቧ ገብቶ ዞሮት፣ ሞቆ ይመለሳል። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ቤቱ የናፍጣና የትኩስ ገብስ ዱቄት ሽታ። አስፈጪዎቹ ሴቶች ተራ እስኪደርሳቸው ቆሎ እየቆረጠሙ ከበርሜሉ ሙቅ ውሃ በቅል ቀድተው እግራቸውን ይታጠባሉ፤ በምትኩ ከወንዝ ያመጡትን ቀዝቃዛ ይጨምራሉ። ያዘዛቸው የለም፤ ልማድ ነው።

ባለወፍጮው አገውኛ አይሰማም። ሴቶቹ በአገውኛ ተጫውተው ሲስቁ እሱን የሚያሙ ይመስለዋል። ሞተሬን ሊያበላሹብኝ ነው ብሎ በርሜሉን በክዳን አስዘጋና ቁልፉን ለአባቴ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ እየጋለ መቆም ጀመረ።

«ሆን ብለህ ነው የምታቆመው» አለው አባቴን። «በገበያ ቀን ከቆመ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

አባቴ በተራው ክዳኑን የሚከፍት ሰው አለ ብሎ ጠረጠረ፤ እኔን ጠባቂ አድርጎ አስቀመጠኝ። እኔ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የምትስቀውን እትዬ ጥሩን ጠረጠርሁ።

የገበያው ዕለት በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ተነሣ፤ የሞተሩም ድምፅ ተለወጠ። ባለወፍጮው በሩ ላይ ቆሟል።

«አንቺ ዘበኛ» አለችኝ እትዬ ጥሩ ከሰልፉ፣ «ማንን ያዝሽ?»

«ማንንም።»

«ምን ሌባ ታገኛለሽ፤ እኛ ሌቦቹ ከተከለከልን ወዲህ አይደል ሞተሩ የታመመው።»

አባቴ አተኩሮ አያት። እሷንም የተጠራጠራት ይመስለኛል። ከዚያ ክዳኑን ከፈተ፤ እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ሞተሩን አለዘበና የፈላውን እየቀዳ ይደፋ ጀመር። እትዬ ጥሩ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ እንስራዋን አቀበለችው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እስኪመሽ ተፈጨ።

ባለወፍጮው አላመሰገነም። አባቴንና እትዬ ጥሩን በየተራ አይቶ «ተመካክራችኋል» አለ። ቢሆንም አባቴን አላባረረውም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩ ቅሏን ይዛ ስትመጣ አባቴ ከበርሜሉ ፈንጠር ይልላት ነበር።

ይህን ሁሉ ለምሕረት አልነገርኋትም። «ክፈቺው» ብቻ አልኋት።

«ቢሰረቅስ?»

«እኔ እቀመጣለሁ።»

ከፈተችው። ሙቀቱ እኔ ፊት ድረስ መጣ፤ ቆይቶ የማራገቢያው ጩኸት ቀነሰ። ከሰዓት በኋላ የሙሽሮቹ ቪዲዮ ሳይቋረጥ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ሣጥኑ ክፍት ነው፤ እኔም አጠገቡ ነኝ። ሰውን መጠርጠር በዚህ ዕድሜዬ የምተወው አይመስለኝም፤ ግን ቁጭ ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ መቆለፍ የግድ አይደለም። ትናንት አንድ ጎልማሳ ፎቶ ሊያሳጥብ ገብቶ «እንደምን ዋሉ እናቴ» አለኝ። ደህና አልሁት፤ እጁን ከኪሱ እስኪያወጣ ግን ዐይኔን አልነቀልሁም።