በጉን እስከ የት ትነዳለህ?

ባለፈው ጥቅምት ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚኒባስ ስመለስ ሬዲዮው ስለ ንግድ ውድድር ሕግ ያወራ ነበር። ሾፌሩ ዘፈን ሊፈልግ እጁን ሲሰድ «ተወው እስቲ፣ ልስማበት» አልኩት። ረዳቱ «አባባ ነጋዴ ሊከሱ ነው መሰለኝ» ብሎ ሳቀብኝ። የሚናገረው ምሁር ድምፁ ለስላሳ ነው። ነጋዴ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ገበያው ከየት እስከ የት እንደሆነ ይጠና፣ ሻጩ ሌላ መሄጃ ይኑረው አይኑረው ይታወቅ፣ ይላል። እውነቱን ነው። ይህን ጥናት አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ተጠንቻለሁ።

ሃያ ዓመት አልፎታል። ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር። ይህ ዕድሜ ለከተማ ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ በኛ አገር ግን አባቱ በሕይወት ያለ ሰው ገና ልጅ ነው፣ የኔም አባት ያኔ በሕይወት ነበር። ጉልበቴ አይደክም፣ አፌም አያርፍ።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። የካቲት ላይ ጥቂት ጠብ አለና ገብሱን አበቀለው፣ ከዚያ መጋቢትና ሚያዝያን ሰማዩ ተዘጋ። ገብሱ ከስንዝር ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። በደጋው ገብስ ሲጠፋ የሚቀረው በግ ነው፤ በግ ተሸጦ እህል ይገዛል። ሁሉም ሻጭ ሲሆን ደግሞ ገዢ ይነግሣል።

በገበያችን በሞላሌ በግ የሚገዙ አምስት ነጋዴዎች ነበሩ፣ የሚጭኑበት መኪና ግን አንድ። አንደኛው፣ ኮፍያ ከራሱ የማይለየው፣ ይመጣና የበጉን ላት በእጁ ከፍ አድርጎ መዝኖ ዋጋ ይጠራል። እሱ ላቱን እንደያዘ ሌላው አይጠጋም። በሰው ገበያ መግባት ነውር ነው፤ ይህ የኛም የአባቶቻችን ደንብ ነው። እነሱ ግን በዚህ ነውር ቤት ሠሩበት። እምቢ ብለህ ብትቆም ሁለተኛው ዞሮ መጥቶ ያንኑ ዋጋ ይጠራልሃል። ባለኮፍያው ቅድም ስንት አለህ ብሎ እንኳ አይጠይቅህም፤ ያውቀዋል።

ጎረቤቴ እትዬ ይርገዱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሰባት በግ ብቻ ያሏቸው ሴት ነበሩ። ነገራቸው ቀላል ነው። ዋጋው ደህና ከሆነ ሦስቱን ሸጠው እስከ መኸር ይበላሉ፣ አራቱ እናት በጎች ለዘር ይቀሩላቸዋል። ዋጋው እንዲሁ ከቀጠለ ሰባቱም ያልቃሉ። በግ የሌላት ባልቴት በዚያ ብርድ አገር ጎጆዋን ዘግታ ከመሄድ ሌላ ምን አላት?

ስለዚህ ተስማምተው ዋጋ ይሰብራሉ ብለን ነጋዴዎቹን አዲስ አበባ ላለው የንግድ መሥሪያ ቤት ከሰስን። እኔ ተናገርኩ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ጻፈ፣ ከሁሉ በላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ለዚያ ፊርማ ያህል ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጉዳዩን የሚያጠና አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነው አሉን። ቀጭን፣ ሰው አክባሪ፣ ብርዱ ጥርሱን የሚያንቀጫቅጨው። እትዬ ይርገዱ የለበሱትን የበግ ፀጉር ባና አውልቀው ደረቡለት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ደብተሩን ከፈተ።

«አምስቱም አንድ ዋጋ መጥራታቸው ብቻውን ተስማምተዋል አያሰኝም» አለን። «የሚፎካከሩ ነጋዴዎችም ዋጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ጨው ሻጮች ሁሉ አንድ ዋጋ ሲጠሩ አላያችሁም?»

«እነዚህ እንኳን ሊፎካከሩ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው አምስቱም ይማርህ ይባባላሉ» አለ ቀልደኛው ታምሩ። ሳቅን። ልጁም ሳቀ።

ቀጥሎ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «እሺ፣ እንበልና እዚህ ገበያ ከየአሥሩ ብር አንድ ብር ቀነሱባችሁ። ያንን ተቀብላችሁ ትሸጣላችሁ? ወይስ በጋችሁን ወደ ሌላ ገበያ ትነዳላችሁ?»

ጥያቄው ምን እንደነበር ዛሬ ገብቶኛል። መሄጃ እንደሌለን ካወቀ ነጋዴዎቹ አንገታችንን ይዘውናል ብሎ ሊጽፍ ነበር። ያኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ጉልበቴን የጠየቀኝ መሰለኝ።

«መንዜ መንገድ ይፈራል ያለህ ማነው?» አልኩ ብድግ ብዬ። «መሐል ሜዳ እነዳለሁ! ራቤል እነዳለሁ! ካሰኘኝም ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሬ ነድቼ አሳያቸዋለሁ!»

ከዚያ ማን ይቅር? ታምሩ ተነሣ፣ ሌላው ተነሣ፣ ሽማግሌው ሁሉ ዱላውን እየሰበቀ «እኔም!» አለ። ፉከራ ሆነ። ልጁ ቀና ሳይል ይጽፋል። በመጨረሻ ወደ እትዬ ይርገዱ ዞረ።

«እርስዎስ፣ እናቴ?»

«እኔማ ልጄ...» ብለው ጀመሩ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

«እሳቸውም ይነዳሉ!» አልኩ አቋርጬ። «እኛ ጎረቤቶቻቸው ሞተናል እንዴ?»

ልጁ ትንሽ ጠበቃቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፈ።

ልጁ እንደሄደ እትዬ ይርገዱ በጎቹን ሊሸጡ ፈለጉ። «ይታገሡ፣ ፍርዱ ሲመጣ ዋጋው ይነሣል» ብዬ ከለከልኳቸው። ታገሡ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ ገባ። ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ቆልተው በሉ። ዝናቡ ሲገባ በጎቹ ሳል ያዛቸው፣ ጎናቸው ገባ።

ነሐሴ ላይ መልሱ መጣ። መምህሩ ቆሞ አነበበልን። ነጋዴዎቹ ስለመስማማታቸው ማስረጃ አልተገኘም። ሻጮቹ ዋጋ ሲቀንስባቸው ወደ ሌሎች ገበያዎች እንደሚነዱ ራሳቸው በአንድ ድምፅ ስላረጋገጡ፣ ገበያው የሞላሌ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ገበያ ነው። በዚያ ሰፊ ገበያ ውስጥ አምስት ሰዎች ዋጋ የመወሰን አቅም የላቸውም።

«እኛ እንዲህ አላልንም!» አልኩ።

መምህሩ ገጹን ገለጠና «ብላችኋል። ያንተ ቃል ከሁሉ በፊት ነው» አለኝ።

ሰው ይህን ሲሰማ አፉን ይይዛል። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። በማግስቱ በሶና ጨው ቋጥሬ የእትዬ ይርገዱን ሰባት በግ ከእጃቸው ተረክቤ ወደ መሐል ሜዳ ነዳሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ጉሙ ፊት አያሳይም። ሁለቱ በጎች አነከሱ፤ አንዷን በትከሻዬ ተሸክሜ ገባሁ። እንደ ፉከራው አይደለም መንገዱ።

በነጋው ገበያ አወጣኋቸው። አንድ ገዢ መጥቶ የአንዷን ላት ከፍ አድርጎ ለቀቀው።

«ላቱ የት ሄደ?»

«መንገድ ላይ ቀለጠ።»

«እንግዲያ ለመንገዱ ሽጥለታ!» አለና የሞላሌን እንኳ የማያህል ዋጋ ጠራ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ወዲያ ማዶ ባለኮፍያው፣ ያው የኛው፣ መኪናው ሥር ሻይ ይጠጣል። «ምነው ደከምክ? እዚያው ብትሸጥልኝ አይሻልም ነበር?» አለኝ፣ ያውም በደግ ቃል።

ሰባቱንም ሸጥኩ። ያን ያህል መንገድ የመጣ በግ አይመለስም፤ ይህን ልጁ አልጠየቀንም፣ እኛም አልነገርነውም።

እትዬ ይርገዱ በዚያ ብር የገዙት እህል ኅዳር ላይ አለቀ። ጎጆውን በእሾህ ዘግተው ደብረ ብርሃን እህታቸው ዘንድ ሄዱ። በሁለተኛው ክረምት የጓሳ ሣር ክዳኑ ወደ ውስጥ ወደቀ። አሁን ግንቡ ብቻ ቆሟል፣ ውስጡ ሳማ በቅሎበታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን አንድ ወፍጮ ቤት አገኘኋቸው፤ ለሰው እህል ያበጥራሉ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንተ ባታቋርጠኝም ያው ነበር» አሉኝ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልችልም እል ነበር?»

እውነታቸውን ይሁን ለኔ አዝነው አላውቅም፣ አሁን ማንን እጠይቃለሁ? አርፈዋል። ባለሙያው እንዳልዋሸ ግን አውቃለሁ። እኛ የሰጠነውን ደምሮ፣ ሊወጣ የሚገባውን አወጣ። ሬዲዮው ላይ የሚናገረውም ሰው የሚያጠናው የሻጭን ቃል ከሆነ፣ የኔ ዓይነቱ ደጋ ላይ ሞልቷል። ሕጉን ያሻሽሉት፣ ጥናቱን ያራቅቁት፣ ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው ያንኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሙክት ይዤ ሞላሌ ወረድኩ። ገዢዎቹ አሁን ወጣቶች ናቸው፣ ስልክ ይዘዋል። አንዱ ላቱን ያዘ፣ ሌሎቹ ዞሩ። የጠራውን ተቀብዬ ተመለስኩ። ሌላ ገበያ ለምን አልነዳህም ያለኝ የለም። ቢለኝም ጉልበቴ አይችልም ብዬ የምነግረው አይመስለኝም።