የጉቴው የቤት ጉብኝት

ስልኩን አንስቼ «ማክሰኞ ጠዋት እንመጣለን» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እንዲያውም ምክትል ርዕሰ መምህሩ ድንገት ነው መግባት ያለብን ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። እኔ ግን ሰው ቤት ሳያስታውቁ ዘው ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ ለምንጎበኛቸው ሰዎች ጎረቤት ደወልኩና ቀኑን ተናገርኩ። ምነው ያኔ እጄን በሰበረው።

የማስተምርበት የነቀምት ትምህርት ቤት አዳሪ ነው። የነጋዴና የባለሥልጣን ልጆች ይማሩበታል፣ ቤተ ሙከራው ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል። በየዓመቱ ለድሃ ልጆች ጥቂት ነፃ ቦታ አለው፤ ምግቡና መኝታው ጭምር። ልጆቹ ተፈትነው ካለፉ በኋላ ሦስት መምህራን ቤታቸው ሄደን ድህነታቸውን በዓይናችን እናያለን። የቀበሌ ደብዳቤ በዘመድ እየተጻፈ ስላስቸገረ ዓይን ይሻላል ተባለ። ከፍለው የሚገቡትን ልጆች ቤት ሄዶ ያየ ግን የለም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ቢያናድደኝም ቅጹን ይዤ የምሄደው እኔው ነኝ።

በዚያ ዓመት ፈተናውን በአንደኝነት ያለፈችው የጉቴ ልጅ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ የሂሳብ ወረቀቷን ሳርም ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከእናቷ ጋር ከጊዳ አያና ተኩሱን ሸሽተው ነው የመጡት። አባትየው እዚያው ቀርቷል፤ እንዴት እንደቀረ ደፍሮ የጠየቀ የለም። እናትየው በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ ይህን ቦታ ካጣች እናትየው የምታበላት ስለሌላት፣ ወደዚያው ወደሸሹበት አገር አጎቷ ዘንድ ልትልካት እንደሆነ ጎረቤትየዋ በስልክ ነግራኛለች። አውቄ ነው የሄድኩት።

ማክሰኞ ዕለት ይዘንብ ነበር። ጉቴ ለነቀምት ቅርብ ናት፤ ሆኖም ለፍተሻ ሁለት ጊዜ ወረድን።

እናትየው ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ጠበቀችን። «አካም ጅርቱ! ሴና፣ ሴና፣ ግቡ እንጂ!» አለች። ገባንና ክው አልኩ። በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ቀይ ሶፋ፣ ባለመስታወት ቡፌ ከነብርጭቆው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ተደርድሯል። እግር መዘርጊያ የለም። ሶፋው በዚያች በር እንዴት እንደገባ እንጃ። ዶሮም ተሠርቷል። ሰፈሩ በሙሉ ዕቃውን አዋጥቶላታል። የትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው ባዶ መሬት ላይ ይቀመጡ? እንዴት ተደርጎ! እንግዳ ይመጣል ሲባል ሁላችንም የምናደርገውን ነው ያደረገችው።

ምክትሉ ቅጹ ላይ ይጽፋል። ሶፋ። ቡፌ። ቴሌቪዥን። የቴሌቪዥኑ ገመድ እንደተጠቀለለ ከኋላው ተንጠልጥሏል፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ ሶኬት የሚባል የለም። እኔ አየሁ። እሱ አላየም፣ ወይ ማየት አልፈለገም።

ልጅቷ እጃችንን አስታጠበችን። ስትጨርስ ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠችና ወደ ምክትሉ ዞረች። «ይሄ ዕቃ እኮ...» አለች።

እናትየው ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ልመና መቋቋም አቃተኝ። በገዛ ቤቷ፣ እንግዳ ፊት ልትዋረድ ነው።

«ከትምህርት የቱን አብልጠሽ ትወጃለሽ?» አልኳት ልጅቷን ቶሎ ብዬ።

ትኩር ብላ አየችኝ። «ሂሳብ» አለች፤ ማስታጠቢያውን አንስታ ወጣች። እናትየው ተንፈስ ብላ ወጥ ጨመረችልኝ፤ እኔም በላሁ።

መኪና ውስጥ ስንገባ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ ተናገርኩም። «ዕቃው ከጎረቤት የተዋሱት ነው።»

ምክትሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ «ታዲያ ከቤቱ ሰው አንዱ ይናገር ነበራ! እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው» አለ።

«መጠየቅም እኮ የእኛ ሥራ ነው» አልኩት።

«ቦታውን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ያስረዱ።»

ሦስተኛው መምህር ስልኩን ይነካካል። ልጅቷ ልታስረዳ ጀምራ ያቋረጥኳት እኔ መሆኔን ግን ለምክትሉ አልነገርኩትም። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

ትምህርት ተከፍቶ ወር ሳይሞላ እናትየው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አስጠራችኝ። «ባርሲስቱ» አለችኝ፣ መምህርት ማለቷ ነው። «ምን አጎደልንባችሁ? ዶሮው ጨው በዝቶበት ነበር?»

ልጅቷን አጎቷ ዘንድ በመኪና ከላከቻት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ልጅቷ ጊዳ አያና ደርሻለሁ ብላ አንዴ ደውላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአጎትየው ስልክ አይሠራም። መንገዱም ተዘግቷል ይባላል፤ ከዚያ የመጣ ሰው የለም።

እውነቱን ነገርኳት። ሶፋው ነው አልኳት፣ ቡፌው ነው፣ ቴሌቪዥኑ ነው። አጥሩ ሥር ቁጭ አለች።

«እሷ እኮ ልትናገር ነበር» አለች። «በዓይኔ ገላምጬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ልጄን እሳት ውስጥ የላክኋት።»

አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ደወል ተደወለ፤ «አይዞሽ እህቴ» ብያት ወደ ክፍል ገባሁ።