የነፍስ አባቴ የጻፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከት ማለት ወረቀት ማሳደድ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጫማዬን አስጠግኜ እነሣ ነበር። ያን ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልገባሁበት ኮፒ ቤት የለም። ትራንስክሪፕቴን ስካን አስደርጌ ስወጣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይቀርሻል ይሉኛል። እሱን ይዤ ስመለስ መብራት ጠፍቷል፤ መብራቱ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ይሄዳል። ሁለቱ አብረው በመጡበት ዕለት ደግሞ የኮፒ ቤቷ ልጅ ለቅሶ ሄዳ ቆየችኝ።

ላመለክት የተነሣሁት የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ለሚባለው ትምህርት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። እኔ እዚሁ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ነኝ። ቃል አልወጣ የሚላቸው፣ የሚንተባተቡ፣ ሰምተው መመለስ የሚቸግራቸው ልጆች አሉኝ። ወላጆቻቸው «የት እንውሰዳቸው?» ይሉኛል። ጸበሉን ሞክረውታል፣ ሐኪም ቤቱንም ሞክረውታል፤ ከዚያ ወዲያ የምጠቁማቸው ሰው የለኝም። በከተማችን ይህን ሙያ የተማረ አንድም ሰው አላውቅም። እንግዲያው እኔ ልሁን አልሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው መምህርት ይህን ስትሰማ «ንግግር የሚታከም ከሆነማ መጀመሪያ የአንቺን ያሳጥሩልን» አለችኝ።

አልፈረድሁባትም። አፌ ፈጣን ነው። ሰው «እ...» ብሎ ከጀመረ መጨረሻውን እኔ አመጣለታለሁ። ይህንንም እንደ ደግነት ነበር የማየው። ሸክም የከበደውን ሰው እያዩ ዝም ይባላል እንዴ?

ሰነዱ ሁሉ ተሟልቶ ሁለት ነገር ቀረኝ፤ ስለ ራሴ የምጽፈው ድርሰትና ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ። ድርሰቱ አልከበደኝም። ስለ ታላቅ ወንድሜ ጻፍሁ። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቁይ አጠገብ ባለው ገጠራችን ያርሳል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። «መንተባተቡ ከሰባተኛ ክፍል አስቀረው» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲቀር የክፍሉ ኀላፊ መምህር ቤታችን ድረስ እንደ መጣ ተረክሁ። መምህሩ «ለምን ቀረህ?» ሲለው ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ ቃሉም ተያዘበት። ያን ጊዜ እኔ፣ ትንሿ እህቱ፣ ዘልዬ «ተብታባ እያሉ ስለሚስቁበት ነው፤ ትምህርቱን ትቶታል፤ እርሻው ይሻለዋል» ብዬ ተናገርሁለት። መምህሩም ራሱን ነቅንቆ፣ የወንድሜን ስም ከመዝገቡ ሰርዞ ሄደ። «ያን ቀን ድምፅ ለሌለው ድምፅ ሆንሁ» የምትል ማሰሪያም አበጀሁለት።

ያችው መምህርት ጓደኛዬ አንብባው በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን ጠረገች። እሷ ስታለቅስ አይቼ እኔም አለቀስሁ። ድርሰቴ ይህን ያህል ግሩም መሆኑን እስከዚያ አላወቅሁም ነበር።

የድጋፍ ደብዳቤውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ሁለቱን ከዩኒቨርሲቲ መምህሬና ከርእሰ መምህሬ አገኘሁ። ሦስተኛው «ከሥራና ከትምህርት ውጭ ለረጅም ጊዜ ከሚያውቅዎ ሰው» ይላል። የዕድራችንን ዳኛ አሰብሁ፤ እሳቸው ግን የሚያውቁኝ በቀሪ ቅጣት ነው። ከዚያ የቤተሰባችን የነፍስ አባት ትዝ አሉኝ። በሰማንያ ቀኔ ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ ረጅም ጊዜ ማን ያውቀኛል? ማመልከቻው የሚዘጋው ረቡዕ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቁይ ሄድሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን ቅጽ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሼ በእጄ ገልብጬ ይዣለሁ።

አባ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል አሳልመውኝ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀውኝ፣ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ የአመልካቿን ጠንካራ ጎኖች ይግለጹ ይላል።

«ውዳሴ ከንቱ ነው» አሉና ዘለሉት።

ቀጥሎ ሠንጠረዥ አለ፤ በትጋት፣ በታማኝነት፣ በትዕግሥት ከአምስት ስንት ይሰጧታል የሚል።

«ሰውን የሚመዝን ማን ነው?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለእሱ ተዪለት።» ሠንጠረዡም ተዘለለ።

ሦስተኛው ጥያቄ የአመልካቿን ደካማ ጎኖች በዝርዝር ይግለጹ ይላል። እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን የጠየቀሽ ማን ነው?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ቄስ ነው?»

«አይደለም፤ መምህራን ናቸው።»

«ታዲያ ያንቺ ኃጢአት ምን ሊያደርግላቸው ነው? አንቺስ ልጄ፣ ይህን ይዘሽ ወደኔ ስትመጪ እንዴት አስቻለሽ? የነፍስ አባት የሰማውን ይዞ ነው የሚቀበር። ንጉሥ ቢጠይቀው አይሰጥም!»

የሠራሁት ሥራ የገባኝ ይሄኔ ነው። ሰው ሁሉ ሞልቶ፣ ድክመቴን ዘርዝረው ይጻፉልኝ ብዬ የለመንሁት ገመናዬን እንዳይናገሩ የታዘዙትን አንድ ሰው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተናዘዝሁት ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ታየኝ።

«ኃጢአት ማለታቸው አይደለም፣ አባቴ» አልሁ እየተርበተበትሁ። «እንደው እንደ ማርፈድ ያለውን ነገር ነው።»

«ማርፈድ ኃጢአት አይደለም ያለሽ ማን ነው? ወንጌል ከተነበበ በኋላ ስትገቢ አይደለም የማይሽ?»

ለመንኋቸው። የክፍሌን ልጆች አነሣሁ፣ ረቡዕን አነሣሁ፣ ሌላ የሚያውቀኝ ሰው እንደሌለኝ ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያገላብጡ ቆዩና «በኑዛዜ የሰማሁትን አልነካም» አሉ። «በዓይኔ ያየሁትን ግን እጽፍልሻለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ።»

ከወንድሜ ቤት አደርሁ። እራት ላይ ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ኮፒ ቤቶቹ፣ ስለ አባ ድንጋጤ ሁሉንም አወራሁለት። እሱ ሰማኝ፤ እንደ ልማዱ።

በማግሥቱ ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ደብዳቤውን በክፍት ፖስታ ሰጡኝ። አይታሸግም ወይ ብላቸው «ፊት ለፊት የማልናገረውን አልጽፍም» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፌ አነበብሁት። የሥላሴ ስም በቀይ ቀለም፣ ሌላው በጥቁር ተጽፏል፤ ከግርጌው የደብሩ ማኅተም አለበት።

«ይህችን ልጅ ከጥምቀቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ትጉ ናት፤ ሥራ አትንቅም፤ ሕፃናትን ትወዳለች። ድክመቷን ለጠየቃችሁት፣ የሰው ነገር አታስጨርስም። ቤታቸው በሄድሁ ቁጥር ወንድሟን እጠይቀዋለሁ፤ የምትመልስልኝ እሷ ናት። ንግግር ልታስተምሯት ከሆነ መጀመሪያ መስማት አስተምሯት።»

ደሜ ፈላ። ለንግግር ሕክምና በምታመለክት ሰው ላይ «አታስጨርስም» ብሎ መጻፍ ሹፌር ሊሆን በሚያመለክት ሰው ላይ «ዓይኑ አያይም» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። በዚህ ደብዳቤ በሩን ራሴ ዘጋሁት ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔው ነኝ፤ ሁለት መስመር ቢጎድል ማን ያውቃል? ይህን ካሰብሁ በኋላ እንኳ ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ ተመልሼ አባን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስሁባቸው።

«አባቴ፣ ወንድሜ እኮ መናገር ስለማይችል ነው የምመልስለት!»

«ለእኔ ይናገራል» አሉ።

ይህን እንዳሉ የማይገባ ነገር ያመለጣቸው ይመስል አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ሂጂና እሱን ጠይቂው።»

ወንድሜ ይናዘዛል። እርግጥ ነው ይናዘዛል፤ የማይናዘዝ ማን አለ? እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ከእሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲናገር ኖሯል። እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ።

ስደርስ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሽምብራ እሸት እየፈለፈለ ይበላል። ሚስቱ ሰንበቴ ቀርታለች። አጠገቡ ተቀመጥሁና ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጠየቅሁት።

«ወንድምዓለም፣ ያን ጊዜ መምህሩ ቤት ሲመጣ ምን ልትለው ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። የትኛው መምህር ብሎ አልጠየቀኝም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ ተያዘ። የእኔ አፍ ደግሞ ሦስት ዓይነት መልስ አዘጋጅቶ ቆሟል። ሌላ መላ ባጣ አንድ እፍኝ ሽምብራ ጎረስሁ። የንግግር ሕክምናን የጀመርሁት እንግዲህ እንዲህ ነው፣ ጉንጬን ሞልቼ። እሱ ይታገላል፣ እኔ አላምጣለሁ። ስውጥ ሌላ እፍኝ እደግማለሁ። ላብ ያጠመቀው እኔን ነው፤ እሱስ ለምዶታል።

«ሰ... ሰ... ሰኞ እመጣለሁ ልለው ነበር።»

ማላመጤን አቆምሁ።

ቀስ እያለ ቀጠለልኝ። የቀረው ውቂያው ስላላለቀ ነበር፤ አባታችን ወገቡን አሞት፣ የሚያግዝ ሰው አልነበረም። ውቂያው በዚያው ቅዳሜ አልቋል። ተብታባ ማለቱንስ ይሉት ነበር፤ እሱም ለሁሉም ስም አውጥቶላቸዋል። ከሁሉ የባሰ የሚያሾፍበትን ልጅ «ባዶ አቁማዳ» ብሎት፣ ልጁ በዚሁ ስም ስምንተኛ ክፍል ገብቷል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ወንድሜ ቀልደኛ መሆኑን አወቅሁ። ቀልድ የሚያስቀው መጨረሻው ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ መጨረሻው ላይ አድርሼው አላውቅም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?» አልሁት።

ይህኛው ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

«አንቺ ጨርሰሽው ነበር።»

ከሰባተኛ ክፍል ያስቀረው መንተባተቡ አልነበረም። እኔ ነበርሁ። ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ውለታ እንደ ዋልሁለት እየቆጠርሁ ኖሬ፣ ጭራሽ ድርሰት ጽፌበት፣ ሰው አስለቅሼበታለሁ። አፍሬ አለቀስሁ፤ ሳለቅስ ሽምብራው አነቀኝ። እሱ አንድ እጁን ጀርባዬ ላይ እየመታ ይስቃል። ትንፋሼ ሲመለስ «ይቅር በለኝ» አልሁት።

«ይቅር ለእግዜር» አለ። ይህች አልተያዘችበትም።

ድርሰቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብሁለት፤ የተጻፈው ስለ እሱ ነውና መስማት ይገባዋል። «ድምፅ ለሌለው ድምፅ ሆንሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይህንስ አልልከውም» ብዬ ወረቀቱን ላጣጥፍ ስል እጄን ያዘኝ። እንደ ገና ትግል ጀመረ፤ እኔም ሽምብራው አልቆብኝ ነበርና ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁት።

«እኔም የምለው አለኝ» አለ።

መጨረሻውን ለማወቅ ለምትቸኩሉ፣ እኔም የምቸኩል ሰው ስለሆንሁ አልፈርድባችሁም፣ ገብቻለሁ። የአባን ደብዳቤ አንዲት መስመር ሳላጎድል ተረጎምሁት። ድርሰቴን አፍርሼ መምህሩ የመጣ ዕለት የሆነውን እንደሆነው ጻፍሁት። ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላክሁ። ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ከጠያቂዎቹ አንዷ ደካማ ጎንሽን ንገሪን ስትለኝ «የነፍስ አባቴ ጽፈውላችኋል» አልኋት፤ ሳቁ፤ ጥያቄዋን ግን እስክትጨርስ ጠብቄ ነው የመለስሁት። ከላክሁት ወረቀት ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ከድርሰቱ ሥር ያለችውን፣ ያን እሑድ ከወንድሜ ጋር የጻፍናትን መልእክት ነው።

እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዱ ቃል ሲያዝበት እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሣና አጥሩን አያለሁ። ቃሉ ሲመጣ እጽፋለሁ። ሚስቱ ከሰንበቴው ተመልሳ ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቀችን። ልመልስላት አፌን ከፈትሁና መልሼ ገጠምሁት። እሱ ነገራት፤ እሷም ቆማ ሰምታው ወደ ቤት ገባች። የምትናገር ምራት እንዳለችኝ አውቅ ነበር እንጂ የምትሰማ መሆኗን አላየሁም ነበር።

«እህቴ ንግግር ላክም ነው ትላለች። እኔ አልታመምሁም፤ ቀስ ብዬ ነው የምናገር። እሷ ትቸኩላለች፤ ዛሬ ግን ሰምታኛለች፤ አስተምሯት።»

ይኸው ነው፤ ሦስት መስመር አይሞላም። ስንጀምር ከእግራችን ሥር የነበረው ጥላ ስንጨርስ አጥሩን አልፎ ሄዷል። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ እንኳ እሱ «በቃ» እስኪለኝ ድረስ አላስቀመጥኋትም።